ቄስ ወልደ ሐና በአቀበቱ ላይ የቆመባት ቀን

ምእመናን ሆይ፥ ጆሯችሁን ስጡ፤ አምላክን የወለደች እመቤታችን ጉልበቱ ለደከመ አገልጋይዋ ያደረገችው ይህ ነው ።

ከገደል አፋፍ በተሠራች በአንዲት የማርያም ደብር ወልደ ሐና የሚባል ቄስ ነበረ፤ ውዳሴዋን ቆሞ ሳይደግምና ሳይሰግድ እህል አይቀምስም ነበር፤ በጥምቀትም ታቦቷን በራሱ ላይ የሚሸከም እርሱ ነበረና «በሕይወት ሳለሁ ወደ ሌላ ራስ አታልፍም» ብሎ ተሳለ ። ከዚያም እርጅና መጣና የጉልበቱን መጋጠሚያ በላው፤ ሲነሣ ይንቋቋል፥ ሲውል ያብጣል ። ሚስቱ ትርንጎም ስለምትወደው «ኧረ በማርያም፥ አርፈው ይቀመጡ!» አለችውና ውዳሴውን ተቀምጦ ደገመ፥ ስግደቱን ተወ፥ ወደ ደብሩም በበቅሎ ሄደ ። ሕመሙ ጥቂት ጋብ አለለት፤ የጭኑ ሥጋ ግን ቀን በቀን እየሟሸሸ አለቀ፤ እርሱም ሸክሙን እንዳይነጥቁት ፈርቶ ከሰው ሁሉ ደበቀው ።

የጥምቀት ዕለትም ከወንዙ ሲመለሱ ታቦቷን ተሸክሞ አቀበቱን ጀመረ፤ እኩሌታው ላይ ሲደርስም ጭኑ ተንቀጠቀጠና እግሩን ማንሣት አቃተው ። በስተ ግራው ገደል፥ በራሱ ላይ ታቦት! ሕዝቡ ግን «ማርያም አልሄድም አለች!» ብሎ ጮኸና በግንባሩ ተደፋ፤ በዚያ አገር ታቦት ከቆመ በመካከላችን በደለኛ አለ ይባላልና ። እግዚኦ እያሉ ለመኑ፥ ዘመሩም፤ ወልደ ሐና ግን ንቅንቅ አላለም ።

ከዚያም ዐይን ሁሉ ማዘንጊያ ወደምትባል ሸክላ ሠሪ መበለት ዞረ፤ ሰዎቹ በሸክላዋ ወጥ ይሠራሉ፥ ከእርሷ ጋር ግን አይበሉም ነበር ። አንዱም «ይቺ ቡዳ ተጠግታ ነው!» አለ፥ ሌላውም ድንጋይ አነሣ፤ እርሷም «ኧረ እኔ ምን አደረግሁ? ልሳለም ነው የመጣሁት!» እያለች ወደ ኋላዋ አፈገፈገች፤ ኋላዋም ገደል ነበረ ።

ወልደ ሐናም ይህን ሁሉ ሰማ ። ታቦት የተሸከመ ካህን ቃል እንዳይናገር የደብሩ ሥርዓት ነበረ፤ ዝም ቢል ክብሩ ይጸናል፥ ሴቲቱ ግን ትጠፋለች፤ ቢናገር ደግሞ ከዚያች ቀን በኋላ ታቦት አያሸክሙትም ። ላቡ በዐይኑ ገባ፥ ጉልበቱም ይከዳው ጀመረ፥ ፍርሃትም ያዘው ። በልቡም «እመቤቴ፥ ስለ ጉልበቴ ስለምንሽ ኖርሁ፤ አሁንስ አፍ ስጪኝ» አለና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ማርያም አልቆመችም! የቆምሁ እኔ ነኝ፤ ጭኔ አልቆ ሳለ ደብቄያችሁ ነው፤ ሴቲቱን ተዉአት!» ብሎ ጮኸ ።

ሕዝቡም ደነገጠ፥ ድንጋዩም ከሰውዬው እጅ ወደቀ ። ያን ጊዜ ወልደ ሐና እናት ልጇን ቆመህ ሂድ ስትለው እንደምትይዘው፥ ሁለት መዳፎች ከጉልበቱ በታች ሲይዙት ተሰማው፤ ቁልቁል ቢያይም ማንም አልነበረም፤ መንቀጥቀጡም ተወውና እስከ ደጀ ሰላሙ ወጣ ። በዚያም ታቦቷን በገዛ እጁ ለሌላ ካህን አሳልፎ ሰጠና «ስእለቴ ትዕቢት ነበረ፥ ማሪኝ» ብሎ አለቀሰ ።

ከዚያች ቀን ወዲያ ትርንጎ ብትቆጣም ውዳሴውን እንደ ቀድሞው ቆሞ ደገመ፥ እያመመውም ጥቂት በጥቂት ሰገደ፥ በቅሎዋንም ትቶ በእግሩ ሄደ፤ የጭኑም ሥጋ ተመለሰ ። ሕዝቡም ወደ ማዘንጊያ ቤት ሄዶ ይቅርታ ለመነ፥ ከገበታዋም በላ ። በሚመጣውም ጥምቀት ወልደ ሐና በመቋሚያው ተደግፎ ከታቦቷ ኋላ ሲወጣ እዚያው ስፍራ ቆም አለ፤ ማዘንጊያም «ቄስ ወልደ ሐና ደከማቸው፥ እንጠብቃቸው!» አለች፤ ሰውም ሁሉ ቆሞ ጠበቀው፥ በደለኛ የፈለገም አልነበረም ። እርሱም ስለዚህ ነገር እመቤታችንን እያመሰገነ ወጣ ።

የአገልጋይዋን ጉልበት ያጸናች፥ አፉንም ለእውነት የከፈተች እመቤት እናንተንም በአቀበታችሁ ትደግፋችሁ፤ የደከመውን የምትጠብቁ እንጂ የምትወግሩ አታድርጋችሁ፤ ለዘላለሙ አሜን ።