ጠገራ ብሩን የመዘነው ገበሬ

በጤና ጣቢያ የምትሠራ ዘርትሁን የምትባል ነርስ፣ መሪጌታ ልሳነ ወርቅን «የኔታ፣ ብዙ ተስፋ ላደረገ ሕመምተኛ፣ ያለው ጥቂት መሆኑን እንዴት ብዬ ልንገረው?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም እንዲህ አሏት፦

አንድ ገበሬ ነበረ። ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱ ገደል ገብቶ ሞተበት። ጎረቤቱም ባለ አንድ በሬ ነበርና «ና እንቀናጅ፤ አንድ ቀን ያንተን፣ አንድ ቀን የኔን እንረስ» ቢለው እንቢ አለ። ከአባቱ የወረሰው አንድ ጠገራ ብር ነበረው። በዚያ ሰሞን ደግሞ «እገሌ ጠገራ ሸጦ ቤት ሠራ» የሚል ወሬ አገሩን ሞልቶት ነበር። እኔም በሬ እገዛበታለሁ ብሎ ልቡን ጣለበት።

ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ጠገራውን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ፣ ሁለት ቀን ተጉዞ ከተማ ገባ። መጀመሪያ ያገኘው ነጋዴ ብሩን አየት አደረገና ሳቀ።

«ስንት በሬ ይገዛልኛል?» አለ ገበሬው።

«በሬስ አይገዛም፤ የበሬ ገመድ ግን አታጣም!»

ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ገበሬው አፈረ። አላመነውምም፤ አታልሎ ሊወስድብኝ ነው ብሎ ብሩን ጨብጦ ወጣ።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ዘንድ ደረሰ። አንጥረኛው እንዲህ ያለውን ብር ሲያቀልጥ አርባ ዓመት የኖረ ነውና፣ ገና ሲቀበለው ምንነቱን አውቋል። ነገር ግን የያዘውን ሥራ አስቀመጠ፤ እንግዳውን በርጩማ ላይ አስቀመጠው፤ ውሃ ሰጠው። ስለ መንገዱ ጠየቀው፤ ስለ ሞተው በሬም እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ ከሣጥኑ ስድስት ጠገራ አውጥቶ ከገበሬው ብር ጎን ደረደረ።

«አንተው እይ፣ ወንድሜ። አንተው መዝን» ብሎ ሚዛኑን በእጁ ሰጠው።

ገበሬው አንድ በአንድ አነሣ። በሁሉም ላይ ያቺው ንግሥት፣ ያው ጽሕፈት። የአባቱ ብር እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ ተፍቋል፤ የንግሥቲቱ ጉንጭ ከእጅ ብዛት ጠፍቷል። ሲመዝነውም ከሌሎቹ ትንሽ ቀለለ። ደግሞ መዘነው። ያው ነው። አንጥረኛው አላጣደፈውም፣ አላባበለውም።

«ተራ ነው ለካ» አለ ገበሬው በመጨረሻ።

«ተራ ነው» አለ አንጥረኛው። «ግን እውነተኛ ብር ነው። የብሩን ዋጋ አንድ ሳንቲም ሳልቀንስ እሰጥሃለሁ። ለዘር ይበቃል፤ ለበሬ አይበቃም። የአባቴ ነው፣ አልሸጥም ካልህም መብትህ ነው።»

ገበሬው እንባውን በጋቢው ጠረገና ሸጠው። የጤፍ ዘር ገዝቶ አገሩ ሲመለስ፣ ቤቱ ሳይገባ በቀጥታ ጎረቤቱ ደጅ ቆመ።

«ያ ያልኸኝ ነገር አሁንም አለ?»

«ምነው፣ ስጠብቅህ አይደል የከረምሁት!» አለው ጎረቤቱ።

ዝናቡ ሲጥል ሁለቱ በሬዎች በአንድ ቀንበር ነበሩ።

አየሽ ልጄ፣ ነጋዴውም አንጥረኛውም የተናገሩት አንድ እውነት ነው። የነጋዴውን ብቻ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሰውየው ሌላ ገዥ ሲፈልግ ክረምቱ ባለፈበት ነበር። አንቺም ሕመምተኛሽን ስሚው። አይቶ እንዲያውቅ አሳዪው፤ ሲያውቅም ጥለሽው አትሂጂ። ያለችውን ጥቂት ነገር ግን አታቃልዪበት፤ ክረምቱን የሚሻገረው በዚያችው ነው።