ጤዛ ያልረገጠችው አሸዋ

አንድ ጊዜ፣ ገና ባልተወለደ ዘመን፣ የሰው ከተሞች በአሸዋ ተውጠው፣ ወንዞችም ስማቸው ብቻ ቀርቶ ሳለ፣ እንስሳት ሁሉ ከአንድ ጉድጓድ ይጠጡ ነበር። የጉድጓዱ ካህን አባ ቀበሮ «ውሃ በጸሎቴ እንጂ ከምድር አይወጣም» እያለ በጽዋ ሰፍሮ ያድላቸዋል።

በየዓመቱ ልጆቻቸው በመቅደሱ ደጅ ይፈተናሉ። ውሃ የሞላ እንስራ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፤ እንስራው ላይ ሲደርስ የቆመ ልጅ «ለአምላክ ተመርጧል» ተብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። የገባ ወጥቶ አያውቅም። የአህያ የበኩር ልጅም በዚያው ቀርቷል።

አሁን ተራው የታናሽ እህቱ የጤዛ ሆነ። ጤዛም ከምድር ሥር ያለውን ውሃ በሰኮናዋ ትሰማለች።

«የኔ ልጅ» አለቻት እናቷ፣ «እንስራው ያለበትን አደራ እንዳትረግጪ። ከረገጥሽው እግርሽ ይቆማል፤ ያኔ አለቀልን።»

«እሺ፣ እማ።»

ግመሎችና ፍየሎች ዙሪያውን ቆመው ሲያዩ፣ ልጆቹ አንድ በአንድ አለፉ። ጤዛም ሳትቆም አለፈች። የእናቲቱ ትንፋሽ ተመለሰ።

ቀበሮ ግን ጎንበስ ብሎ አሸዋውን አየ። «አያ ጅቦ፣ ና እስቲ። ምን ይታይሃል?»

«ዳና ነዋ! እኔ ደግሞ የሚበላ መስሎኝ ስሮጥ!» አለ ዘበኛው ጅብ።

«አንተ ሆዳም! የሌሎቹ ዳና በእንስራው ላይ አልፏል፤ የዚህች ብቻ ዞሮታል። ያላወቀ እንዴት ይሸሻል?» ከዚያ ድምፁን አለሰለሰ። «ልጄ ጤዛ፣ አምላክ መርጦሻል።»

ጅብ ማጅራቷን ነክሶ ይጎትታት ጀመር። ያኔ ለእናቲቱ ገባት። ለካስ ልጇን ያስያዘባት የገዛ ምክሯ ነው! በሩ ጋ ሊደርሱ ሦስት እርምጃ ሲቀር ግን ጮኸች፦

«ጤዛ! ውሃው የት እንዳለ ተናገሪ! ሁሉም ይስማ!»

«እዚሁ ነው፣ እማ! ከግመሎቹ እግር ሥር!»

«የሚቆፍር የተረገመ ይሁን!» አለ ቀበሮ።

ማንም አልተነቃነቀም። እናቲቱ ብቻዋን በሰኮናዋ ቆፈረች፣ ቆፈረች። ጅብ ቆሞ በመገረም ያያታል። አሸዋው ረጠበ። የውሃ ሽታ ሲያውደው ጅብ ጤዛን ጥሎ እናቲቱ በቆፈረችው ውስጥ በአፍንጫው ተተከለ። ግመሎቹም ቆፈሩ፤ ፍየሎቹም ቆፈሩ።

«ተንበርከኩ!» ብሎ ጮኸ ቀበሮ።

ተንበረከኩ፤ ሊጠጡ። እናቲቱ ግን ጠብታ ሳትቀምስ፣ ጤዛን በደረቷ ከልላ፣ ዓይኗን ከቀበሮ ላይ ሳትነቅል ቆማ ዋለች፤ የጠጡትም አንድ በአንድ መጥተው ከጎኗ ቆሙ።

ከዚህ የምንማረው ፈርተን የደበቅነው የልጅ ጸጋ ለአሳዳጅ ዳና ትቶ እንደሚያልፍ፣ ለሁሉም የገለጥነው ግን ጠባቂው ብዙ እንደሚሆን ነው።