አህዪት አምበል የሆነች ጊዜ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ባጠረበት ዓመት፣ የደጋና የቆላ እንስሳት ለአንዲት ምንጭ ሲሉ የገና ጨዋታ ሊጫወቱ ተቀጣጠሩ። ደንቡ የታወቀ ነው። ጥንግ የሚሏትን ኳስ በቆልማማ ዱላ እየለጋ ከባላጋራው መስመር ያሳለፈ ቡድን በጋውን ሙሉ ቀድሞ ይጠጣል፤ የተሸነፈው የደፈረሰውን ይጠጣል። ደገኞች ሁለት ዓመት ጭቃ ጠጥተዋል።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ልንገራችሁ። አምበሉ አንበሳ ነበር፤ እሱ ደግሞ ጥንጓን ለማንም አያቀብልም። አንድ ቀን ቢጨንቀው ለጅብ አቀበለው። ጥንጓ ከቆዳ የተሰፋች ናትና ጅብ ሆዬ ዋጥ አደረጋት። ዘንድሮ አንበሳን እሾህ ወጋውና፣ «አህዪት ትምራ፤ ሸክም ለምዳለች» ብሎ ጥላ ሥር ጋደም አለ።

የአህዪት ውርንጭላ በዚያ ጭቃ ታሞ ከርሟል፤ ዘንድሮ ከደገመው አይተርፍላትም። ደግሞስ ጅብን እንዴት አድርጋ ነው የምታዘው? ጅብ እኮ ነው።

ቀበሮ ጠጋ ብላ፣ «ይሄን ሆዳም አስወጪው። ምክር ከፈለግሽ እኔ አለሁልሽ» አለቻት።

«ምክርሽንማ እፈልጋለሁ፣ እመት ቀበሮ። የቆለኞቹ አምበል ከርከሮ ድክመቱ ምንድን ነው?»

«አንገቱ አይዞርም። ከኋላው የመጣውን አያይም።»

«እንግዲያው ከኋላው ሆነሽ ጥንጓን የምትሰርቂበት አንቺ ነሽ።»

ቀበሮ በሕይወቷ ሰርቂ ተብላ አታውቅም። ጅራቷን እያወዛወዘች ወደ ቦታዋ ሄደች።

አህዪት ወደ ጅብ ዞረች። «አያ ጅቦ፣ አንተን የማይፈራ አለ?»

«ማንም የለም» አለ ጅብ ኮራ ብሎ።

«እንግዲያው ከፊት ሁንልን። ጥንጓ ከመስመሩ ካለፈች በኋላ ያንተ ናት፣ ብላት። ሳታልፍ ከበላሃት ግን ጭቃውን አንተም ትጠጣዋለህ።»

«በኋላ» አለ ጅብ። እንዳይረሳው «በኋላ፣ በኋላ» እያለ ወደ ፊት ሄደ።

ጨዋታው እስከ አሥር ሰዓት ማንም ሳያሸንፍ ቆየ። በመጨረሻ ቀበሮ ከከርከሮ ኋላ ሹልክ ብላ ጥንጓን ሰረቀችና ለአህዪት አቀበለቻት። መስመሩ ቅርብ ነው። አህዪት ዱላዋን አነሳች፤ ራሷ ብትለጋት ምንኛ ደስ ባላት። ግን የቆለኞቹ ዝንጀሮ ፊቷ ተገትሯል። ጅብ ደግሞ በጎን ብቻውን ነው። ዓይኗን ጨፍና ለጅብ አቀበለችው።

ዝንጀሮ ጅብ ሲመጣበት መንገዱን ለቆ ዛፍ ላይ ወጣ። ጅብም ጥንጓ ላይ አጎነበሰ፤ የቆዳው ሽታ አወደው፤ አፉን ከፈተ።

«አለቀልን» አለ አንበሳ ከጥላው።

አህዪት አልጮኸችበትም። ፍርሃቷን ረስታ፣ ቢነክሳት ከሚደርስባት ቦታ ቆመችና ቀስ ብላ፣ «አያ ጅቦ፣ መቼ ነበር የተባባልነው?» አለችው።

ጅብ አሰበ። ማሰብ ለሱ ከባድ ሥራ ነው፣ ላብ ያስወጣዋል። «በኋላ» አለና አፉን ገጠመ፤ ጥንጓንም ባለ በሌለ ኃይሉ ከመስመሩ ማዶ ለጋት። ከዚያ ተከትሏት ሄዶ በላት። ማንም አልከለከለውም።

ደገኞች እየዘፈኑ ወደ ምንጩ ወረዱ። ውርንጭላው ከጠራው ውሃ ሆዱ እስኪነፋ ጠጣ። አንበሳ እያነከሰ መጣና፣ «ለመሆኑ አንቺ ስንት አገባሽ?» ሲል አህዪትን ጠየቃት።

«እኔ? አንድም» አለች አህዪት። ሁሉም ጠጥቶ እስኪጨርስ ዳር ቆማ ትጠብቅ ነበር፤ ደስ ብሏታል።

ከዚህ የምንማረው፣ ቡድን የሚመራ ሰው የባልደረቦቹን አመል አውቆ ለእያንዳንዱ የሚሆነውን ቦታ ከሰጠና በጭንቅ ሰዓት ካመናቸው፣ ጅብ እንኳ ቃሉን ሊጠብቅ እንደሚችል ነው።