የበሬ ነጋዴውና ያበጠችው ፍሬ

አንድ የበሬ ነጋዴ ነበረ።

ተቀመጪ እንጉዳይ፤ ዶማውንም ከትከሻሽ አውርጂ። «አያ ጫኔ፣ ቦኖው ውሃ ከከለከለን የውሃ ማኅበሩን አፍርሰን ቧንቧውን ነቅለን እንጣለው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ልጅሽ የወንዝ ውሃ ጠጥታ ሆዷን ይዛ ተኝታለች፤ ጎረቤቶችሽም ዶማቸውን ይዘው ደጅ ላይ ይጠብቁሻል። ቁጣሽ ልክ ነው። እኔም ብሆን ዛሬ ጠዋት ከመናደዴ የተነሣ ጎረቤቴ ጢሜ ሲጨስ አይታ ፍም ልትወስድ መጥታለች። እንዲህ ሆኜ በቀጥታ ብመልስልሽ የሚወጣኝ ስድብ ነውና በምሳሌ ይሁን።

ነጋዴው ሀብታም ነበረ። ያበለጸገው ደግሞ ጨው ነው። የገበያ ዕለት ጎህ ሲቀድ ለከሱት በሬዎቹ ጨው በእፍኝ ያልሳቸዋል፤ ጥሙ ሲያቃጥላቸው ወደ ኩሬ ይነዳቸዋል። በሬውም ሆዱ ከበሮ እስኪሆን ይጠጣል። ከዚያ ነጋዴው ጎኑን መታ መታ እያደረገ «ስቡን ስሙት!» ይላል፤ ገዢውም ውሃውን በሥጋ ዋጋ ገዝቶ ይሄዳል። አንዱ በሬማ በጣም ከማበጡ የተነሣ ነፋስ እንዳይወስደው በችካል ታስሮ ነበር ይባላል። በሬውን አላየሁም፤ ችካሉን ግን አይቻለሁ።

ይህ ሰው ኮምፒዩተር ገዛ። ከከተማ ለሚመጡ ትልልቅ ገዢዎች የበሬዎቹን ፎቶ በሞኒተር ያሳያል። ፎቶው የተነሣው እንግዲህ ባበጡበት ሰዓት ነው። ገዢዎቹ ፎቶውን አይተው ይስማማሉ፤ ወደ በረቱ ብቅ ብለው ያበጠውን ሆድ ካዩ በኋላ ወዲያው ነድተው ይሄዳሉ። እንዲህ ነበር ንግዱ።

አንድ ቀን ሞኒተሩ ታመመ። ሲከፍቱት ብልጭ ይላል፤ የበሬው ቀንድ ይታያል፤ ሆዱ ጋ ሳይደርስ ድርግም! ነጋዴው በጥፊ አጮለው። የነቃ መስሎ ብልጭ አለና እንደገና ድርግም። የሰፈሩ ሰው እየመጣ በየተራው መታለት፤ ግብር የተጣለ ይመስል ሳይመታ የቀረ አልነበረም። አንዱ «ቡዳ ነው የበላው» አለ። አንዷ «ጣለውና ዶሮ ትፈልፍልበት» አለች። ሊጥለውም ነበር። ነገር ግን ትልልቆቹ ገዢዎች በሚቀጥለው ገበያ ይመጣሉ፤ ፎቶ ከሌለ አይጠብቁም፤ ወደ ጎረቤቱ በረት ያልፋሉ። ስለዚህ ከከተማ ጠጋኝ አስጠራ።

ጠጋኙ አልመታውም። ከመብራቱ ነቀለው፤ ጥቂት ቆይቶም የጀርባ ክዳኑን በመፍቻ ፈታ። ውስጡ ትናንሽ በርሜል የሚመስሉ ፍሬዎች ቆመዋል። ካፓሲተር ይሏቸዋል። ሥራቸው ኤሌክትሪኩን ተቀብለው፣ አጠራቅመው፣ ለሞኒተሩ ሳይቆራረጥ በልክ መስጠት ነው። የደኅናዎቹ አናት እንደ ሳንቲም ዝርግ ነው። የሁለቱ ግን ጉብ ብሏል፤ ከአንደኛዋም ሥር ቡናማ ነገር አዥቷል። ጠጋኙ በጋለ ብረት የተጣበቁበትን እርሳስ አቅልጦ ያበጡትን ነቀለ፤ በቦታቸው አናታቸው ዝርግ የሆኑ አዳዲሶችን ተከለ። ሞኒተሩ በራ። በሬው ከቀንዱ እስከ ጭራው ወጣ። ሰዉ እልል አለ።

ነጋዴው ግን የተነቀለችውን ፍሬ አነሣና ከተተከሉት ከአዲሶቹ ጋር አስተያያት። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«አንተ! የሰባውን ነቅለህ የከሳውን ተከልክብኝ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄ እኮ ስብ አይደለም። አብጦ ነው፤ ሞቷል።»

«ለእኔ ነው ስለ ስብ የምትነግረኝ? በሬ በጨለማ ሲያገሳ ሰምቼ ሥጋውን ለምገምተው ሰውዬ?»

«ሲበራ አዩት አይደል እንዴ?»

«የበራው እኔ ስለመታሁት ነው! መልሰህ ትከል። የሰባ ንብረቴ በኪስህ አይወጣም!»

ጠጋኙ ለመነ፤ የሚሰማው አላገኘም። እልል ያለው ሰፈርተኛ ራሱ ተገልብጦ «እውነቱን ነው፤ ይሄኛው ወፍራም ነው፤ ሞገስ አለው» እያለ አጨበጨበ። ጠጋኙም ያበጡትን መልሶ ተከለና ዕቃውን ሸክፎ ወጣ።

የገበያው ቀን ደረሰ። በሬዎቹ ጨዋቸውን ልሰው፣ ኩሬውን ገልብጠው በረት ውስጥ ቆመዋል። ገዢዎቹ መጡ። ሞኒተሩ ተከፈተ። ቀንድ ታየ፤ ድርግም!

«ቆዩ፣ አሁን ይበራል!» ጥፊ። ቀንድ፤ ድርግም። «ቆዩ እንጂ ጎበዝ!» ጥፊ። ጥፊው ሲበዛ የሰውዬው መዳፍ ራሱ እንደ ካፓሲተሯ አበጠ።

እሱ ሲማታ ሰዓቱ ሄደ፤ የበሬዎቹም ትዕግሥት አለቀ። መጀመሪያ ቀዩ በሬ ሸና። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ለቀቁት። ጎርፉ አጥሩን ይዞት ወረደ፤ ታች ቆላ ያሉ ገበሬዎች ክረምት ገባ ብለው ሞፈር አነሡ። ገዢዎቹ ዞር ሲሉ በረቱ ውስጥ የቆመው ቆዳና አጥንት ነው። አንደኛው ገዢ በሳቅ እየተንፈራፈረ «ጋሼ፣ እስቲ እነዚህንም በጥፊ ይምቷቸው፤ ተመልሰው ያብጡ ይሆናል!» አለና ወደ ጎረቤቱ በረት አለፈ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ዕድሜውን ሙሉ በሬ በጨው ሲያሳብጥ የኖረ ሰው፣ እብጠትን ከስብ መለየት አቃተው!

አሁን ስሚኝ፣ እንጉዳይ። ምሳሌው አለቀ፤ ንዴቴ ግን አላለቀም። ሞኒተሩ የውሃ ማኅበራችን ነው። ምንጩ ደኅና ነው፤ ቧንቧው ደኅና ነው፤ የኮሚቴውም ሰዎች አናታቸው ዝርግ ነው። ያበጠው ሊቀመንበሩ ነው። ውሃውን ተቀብሎ ለሁሉ በልክ እንዲያድል ተተከለ፤ እሱ ግን ወደ ገዛ ራሱ የበርበሬ ማሳ አዞረው። ማን አሳበጠው? እናንተ! በየሰርጉ ጎድኑ ለእሱ፣ በየተዝካሩ የፊቱ ዋንጫ ለእሱ! ሲያስነጥስ እንኳ ግማሹ መንደር «ይማርዎ» ሊል እርሻውን ጥሎ ይሮጣል። ጨው ነው ያላሳችሁት፣ ጨው!

አምና እኮ ተነቅሎ ነበር! በቦታው ያቺ ከሲታዋ ሸክላ ሠሪ ተተከለች። ውሃው ወረደ፤ ልጅሽም ወንዝ አልወረደችም። ታዲያ ምን አላችሁ? «ይህች ደግሞ ምን ሞገስ አላት? ሊቀመንበር ሲሉት ደልደል ያለ ሰው ነው የሚያምረው!» ብላችሁ ያበጠውን መልሳችሁ ተከላችሁት። ጭብጨባችሁ እስከ ቤቴ ተሰምቷል። አንቺም እጅሽን አንሥተሻል። አይቼሻለሁ፤ አሁን መሬት መሬት አትዪብኝ!

ዛሬ ደግሞ ቧንቧ ልትነቅሉ ዶማ ይዛችሁ ተሰለፋችሁ። ይህ ጥፊ ነው እንጂ ጥገና አይደለም። ቧንቧው ቢነቀል እሱ በቅሎ አለችው፤ ከፈለገበት ያስጭናል። ወንዝ የምትወርደው ያቺ ሆዷን ይዛ የተኛችው ልጅሽ ናት።

ዶማውን እዚሁ ተዪው። እሑድ ስብሰባ አለ። የሞኒተሩን ክዳን ለመክፈት መፍቻ ያስፈልግ ነበር፤ የእኛ መፍቻ ያን ቀን ያነሣሽው እጅ ነው። ሂጂና ለሸክላ ሠሪዋ አንሺው። ከዚያ በኋላ ስለ ቅጥነቷ አንዲት ቃል የሚተነፍስ ሰው ካለ፣ ይህን የሚጨስ ጢሜን ይዤ ደጁ እመጣለሁ፤ ቤቱም የሣር ክዳን መሆኑን አስታውሺልኝ።