የአባ መብረቅ ሰባት ቤት

አንድ ቀን ጠዋት፣ ቡሬ ከተማ ውስጥ፣ ሦስት ሽማግሌዎች የአቶ ይስማውን በር አንኳኩ። የመጡት ለጋብቻ ነው። የጋብቻ ሽማግሌ ወጉ ይታወቃል፤ «ተቀመጡ» ቢባል «ጉዳያችን ሳይሞላ አንቀመጥም» ብሎ መቆም ነው። ወንበር የሚነካው የልጅቱ አባት እሺ ሲል ብቻ ነው። ይህን ወግ ያወጣው ማን እንደሆነ እንጃ፤ መቼም ጉልበቱን አሞት የማያውቅ ጎረምሳ መሆን አለበት።

ከሦስቱ መሀል ነገር የሚያዋቅረው አያ ሙጨ ነው። የሰፈሩ እድር ዳኛ ነው። የተጣላ ያስታርቃል፣ የተኳረፈ ያነጋግራል፤ ሽምግልና ገብቶ ባዶ እጁን አይመለስም ይሉታል። የዛን ዕለት ጉዳይ ግን ይለይበታል። የሚድረው ልጅ፣ ልየው፣ የሟች ጓደኛው ልጅ ነው። አባትየው ሊያርፍ ሲል እጁን ጥብቅ አድርጎ ይዞ «ሙጨ፣ ልጄን ዳርልኝ» ብሎታል። የሞተ ሰው አደራ ክፉ ነው፤ አልሆነልኝም ብለው ይቅርታ የሚጠይቁት ሰው የለም። ልየው ደግሞ ከአቶ ይስማው ልጅ ከማስተዋል ሌላ አላይም ብሏል። እሷም ብትሆን አባቷ ሌላ ባል ባሰበላት ቁጥር ወይ ፍንክች!

ችግሩ አባትየው ነው። አቶ ይስማው የፊታውራሪ የልጅ ልጅ ነኝ ባይ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ነፍስ ይማር» ከማለቱ በፊት የሟቹን ዘር የሚጠይቅ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ፈረስ ማርባት ጀመረ። የት አትሉም? ኮምፒውተር ላይ! በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጨዋታ ነው አሉ፤ ከየአገሩ ሰው ይገባበታል። ባዝራውን ከድንጉላው ያገናኛሉ፣ ውርንጭላ ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ይገራል፣ ሽምጥ ይጋልባል። ሣር አይጠይቅ፣ ገብስ አይጠይቅ፣ ፋንድያ የለው። እንዲህ ያለ ፈረስ አግኝቶ ማን ይጠላል?

ሰውየው በቁሙ እውነተኛ ፈረስ ላይ ወጥቶ አያውቅም። በልጅነቱ አንዲት በቅሎ ረግጣዋለች፤ ከዚያ ወዲህ የጋሪ ፈረስ ሲመጣ እንኳ መንገድ ይሻገራል። ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ ግን የሚያህለው የለም። መብረቅ የሚባል ጥቁር ድንጉላ አለው። በዚህ ፈረስ የተነሳ እንደ ድሮ ጀግኖች «ከዛሬ ጀምሮ አባ መብረቅ በሉኝ» ብሎ አረፈው። ሰፈሩም ይለዋል፤ ማለት ምን ያስከፍላል? የሰፈሩ ልጆች ብቻ መብራት በጠፋ ቁጥር በአጥሩ ሥር እያለፉ «አባ መብረቅ፣ ፈረስዎ የት ሄደ?» እያሉ ይሸሻሉ።

የሚያስቀው፣ ያንን ኢንተርኔት የዘረጋለት፣ ጨዋታውንም ከፍቶ ያስተማረው ልየው ነው። ሥራው ነው፤ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ መስመር ይዘረጋል። ማስተዋልን ያያት ያኔ ነው፤ ውኃ አምጥታለት። እንግዲህ አቶ ይስማው ፈረሱን ሲያገኝ ልጁን እያጣ እንደነበር አላወቀም።

ሽማግሌዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጡ «የልጁን ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ኑ» ብሎ መለሳቸው። ሰባት ቤት መቁጠር ያለ ነው፤ ሁለቱ ልጆች ዘመድ ሆነው እንዳይገኙ ነው። አቶ ይስማው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዝምድናውን ትቶ ጨዋነቱን ሊመዝንበት ነው። አያ ሙጨ ሽማግሌ የተባለውን ሁሉ፣ መነኩሴ ሳይቀር፣ ጠየቀ። አባት ተገኘ፣ አያት ተገኘ፣ ቅድመ አያትም ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ጨለማ። የቅድመ አያቱ አባት አንድ ክረምት ወንዝ ተሻግሮ መጣ፣ ጎጆ ቀለሰ፣ አገባ፣ ወለደ። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ስሙንም የጠየቀው የለም፤ «እንግዳው» ሲሉት ኖረው፣ እንግዳው እንደተባለ ቀበሩት።

እና ዛሬ ሁለተኛው መምጣታቸው ነው። ዛሬ ከተመለሱ፣ አበቃ።

«እንደምን አደሩ፣ አባ መብረቅ?» አለ አያ ሙጨ ጎንበስ ብሎ። በሌላ ቀን «አንተ ይስማው» ነው የሚለው፤ አብረው ጭቃ አቡክተው ነው ያደጉት። ልጅ ፈልጎ የመጣ ሰው ግን አንቱታ አይሰስትም።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይሞላማ አንቀመጥም።»

«እንግዲያው ቁሙ» አለና አቶ ይስማው ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ከኋላ ባሻ ጫኔ አቃሰቱ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ናቸው፤ ጉልበታቸው ደግሞ ከእሳቸውም የሚበልጥ ይመስላል። ሦስተኛው መምሬ ቢተው ናቸው፤ የማስተዋል ቤተሰብ የንስሐ አባት ስለሆኑ ይረዱናል ተብለው የመጡ።

«ጥሩ ቀን መጣችሁ» አለ አቶ ይስማው። «ዛሬ እኔም ሠርግ አለብኝ። መብረቅን ልድረው ነው። ይቺን ግራጫ ባዝራ አያችኋት? ከእሷ ጋር ነበር ያሰብኩት። ታዲያ ሁለቱን ሳስጠጋቸው ምን ሆነ? ቀይ ምልክት! ለምን? በአያት ይገናኛሉ! ደማቸው ቀርቧል!»

መምሬ ቢተው መነጽራቸውን አውጥተው ተጠጉ። «ኧረ በስመ አብ! ሰባት ቤት ያውቃል እኮ! የዘንድሮ ልጅ ያላወቀውን ሥርዓት ይሄ ዕቃ ያውቀዋል!»

«ተባረኩ መምሬ! እንዲህ የሚገባው ሰው ነው የጠፋው።»

አያ ሙጨ የመምሬን ጋቢ ጎተት አደረገ። «አባቴ፣ የኛ ወገን ነዎት ወይስ የፈረሱ?»

መምሬ ደንግጠው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ዓይናቸው ግን እዚያው ቀረ።

«በል እሺ» አለ አቶ ይስማው እጁን አጣምሮ። «ቁጠርልኝ።»

አያ ሙጨ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልየው የታከለ ልጅ ነው። ታከለ የአበረ፣ አበረ የጎበዜ። ጎበዜ ደግሞ የእንግዳው ልጅ ነው።»

«እንግዳው የማን ልጅ?»

እዚህ ላይ ሦስት አራት ስም ፈጥሮ መደርደር ይችል ነበር። ማን ያውቅበታል? ግን በሽምግልና ለመዋሸት አፉ እምቢ አለው፤ የታከለ እጅ አሁንም እጁን የያዘው መሰለው።

«የእግዜር» አለ።

አቶ ይስማው ሳቀ። ደግ ሳቅ አልነበረም። «የእግዜርማ ሁላችንም ነን! እኔ የጠየቅሁህ አባቱን ነው። አየህ፣ አታውቀውም። ቤቴ ድረስ መጥታችሁ አባቱ ያልታወቀ ዘር ታቀርቡልኛላችሁ? እኔ ዘሯ ላልታወቀ ባዝራ ፈረሴን አልሰጥም፤ ልጄን ልስጥ?»

«ኧረ አንተ ሰውዬ ፈሪሃ እግዚአብሔር ይኑርህ!» አለች ከጓዳ ሚስቱ፣ ወይዘሮ ባንችአምላክ። «ያ ልጅ ባይኖር መች ፈረስ ታይ ነበር?»

«አንቺ የወንድ ነገር ውስጥ አትግቢ!»

የጓዳው መጋረጃ ተንቀሳቀሰ። ከሥሩ የማስተዋል ጫማ ይታያል፤ አያ ሙጨ አየው። ጫማው ቆሞ ነበር፣ ቀስ ብሎ ዞሮ ሄደ። አያ ሙጨን አንጀቱን በላው። በቀረው ዕድሜው በታከለ መቃብር በኩል እንዴት እንደሚያልፍ አሰበ።

«እንሂድ መሰል» አሉ ባሻ ጫኔ። መቆሙ መሮአቸዋል።

«እንሄዳለን ባሻ» አለ አያ ሙጨ። ወደ አቶ ይስማው ዞሮ እጅ ነሳ። «ጥፋቱ የኛ ነው፣ አባ መብረቅ። ከጨዋ ደጅ ያልተቆጠረ ዘር ይዘን መጣን። ብቻ አንድ ነገር ይፍቀዱልን፤ የፈረስዎን አጥንት ቆጥረን እንሂድ። ጨዋ ዘር ምን እንደሚመስል አይተን፣ ሌላ ጊዜ እንዳንሳሳት።»

አቶ ይስማውን እንዲህ ያለ ነገር ከጠየቁት እንኳን ፈረሱን ልቡንም ይከፍታል። ፊቱ በራ፤ ወንበሩን ስቦ ተጠጋና የመብረቅን የዘር ሐረግ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተ።

«ይኸውልህ! መብረቅ የነጎድጓድ ልጅ ነው። ነጎድጓድ የዶፍ። ዶፍ የዳመና። ዳመና የአውሎ።»

«ይሄ ዘር ነው የክረምት ወሬ?» አሉ ባሻ ጫኔ ለራሳቸው።

«አውሎ የቁር ልጅ ነው። ቁር ደግሞ…» እዚህ ላይ ድምፁን አከበረው፤ «የፊታውራሪ! የሁሉም አባት። በአያቴ ስም ነው ያወጣሁለት።»

«እሰይ!» አለ አያ ሙጨ። «ይሄ ነው ሰባት ቤት! የፊታውራሪ አባትስ?»

«ምን?»

«የፊታውራሪ አባት። ከላዩ ያለው ሳጥን ውስጥ የተጻፈ ነገር አለ፤ ዓይኔ ደክሞ ነው። መምሬ፣ እስቲ ያንብቡልን።»

መምሬ ቢተው ይሄን ሲጠብቁ ነበር። አንገታቸውን አስግገው በዳዊት ዜማ አነበቡት፦ «ወላጁ ያልታወቀ።»

«የፊታውራሪ አባት አይታወቅም እንዴ?» አሉ ባሻ ጫኔ ጮክ ብለው።

«የፈረሱ!» ብሎ አቶ ይስማው ከወንበሩ ብድግ አለ። «የፈረሱ ነው የተባለው! የፈረሱ!» ጆሮው ድረስ ቀላ። በከተማው የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የራሱን ዘር ሲቆጥርም ከፊታውራሪ በላይ ወጥቶ አያውቅም።

«አይቆጡ» አለ አያ ሙጨ በለሰለሰ ድምፅ። «ፈረሱ መሆኑ ገብቶናል። እንዴት ሊሆን እንደቻለ ነው ያልገባን።»

አቶ ይስማው ተረጋግቶ ተቀመጠ። የማያውቅ ሰው ማስተማር ይወዳል፤ ቁጣውን ረሳው። «ስማ ላስረዳህ። ጨዋታውን ስትጀምር ለማንም ሰው አንድ ፈረስ በነጻ ይሰጣል። እንዲሁ ከየትም የመጣ ፈረስ ነው። አባት የለው፣ እናት የለው። ሁሉም የሚጀምረው ከዚያ ነው።»

«የፈረንጆቹም?»

«የፈረንጆቹም፣ የአረቦቹም! በዓለም የታወቀው ፈረስ ሁሉ ወደ ላይ ብትቆጥርለት መጨረሻው ይሄው ነው፤ ያልታወቀ።»

«ታዲያ ጨዋ የሆነው መቼ ነው?»

«እንዴ! ስናዋልደው ነዋ! ጥሩ ባዝራ ሰጠሁት፣ ጥሩ ወለደ። ልጁም ጥሩ አገባ፣ ጥሩ ወለደ። እንዲህ እንዲህ እያለ መብረቅ ላይ ደረሰ። ከላይ የወረደ ጨዋ የለም፣ ሙጨ፤ ዘር የሚሠራ ነገር ነው!» አለና ጠረጴዛውን መታ።

ጫማው ተመልሶ ከመጋረጃው ሥር ቆሟል።

«እግዜር ይስጥዎ፤ እንዲህ ያስረዳን አልነበረም» አለ አያ ሙጨ። «እንግዲያው፣ አባ መብረቅ፣ የልየውን ሰባት ቤት ወደ ላይ ብንቆጥር እንግዳው ላይ ጠፋብን። እርስዎ ማስተዋልን ይስጡንና ወደ ታች እንቆጥርልዎታለን።»

ከጓዳ እልልታ ፈነዳ። አንዱ የእናት ነው፤ ሌላው የማን እንደሆነ ልንገራችሁ?

ሰውየው ኮምፒውተሩን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ደግሞ ኮምፒውተሩን አየ። «ለሚወለደው ስም የማወጣው ግን እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ።

«መብረቅ ብለህ ሞክርና!» አለች ወይዘሮ ባንችአምላክ።

«እሺ በሉ፣ ይሁን። ተቀመጡ» አለ አቶ ይስማው።

ባሻ ጫኔ ግን እልልታውን ሲሰሙ ተቀምጠው ነበር።