የቀበሮ ሦስት ምድጃዎችና የመጨረሻው ግራር

አንድ ጊዜ፣ ዛፎቹ ሁሉ ለማገዶ ተቆርጠው አንድ ግራር ብቻ በቀረበት ቆላ፣ ጥርሶቹ የረገፉ አንበሳ ይገዛ ነበር። ጥርስ ስለሌለው ጥሬ ሥጋ ማኘክ አይችልም። ሥጋው በድስት ተቀቅሎ በደንብ ካልለሰለሰለት አይበላም። ካልበላ ያገሣል፤ ሲያገሣ አገሩ በሙሉ እንቅልፍ ያጣል። ስለዚህ ጅብ ዛፍ ይቆርጣል፣ አህያ እንጨቱን ትሸከማለች፣ እሳቱም ሳይጠፋ ይነዳል።

አንድ ቀን ጠዋት እንጨቱ አለቀ።

አንበሳው ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ። «ያ ግራር ዛሬ ይቆረጥ» አለ።

ከግራሩ ሥር የአህያ ውርንጭላ ተኝቷል። ከተወለደ ገና መቆሙ ነው፤ እግሮቹ አልጠኑም። በዚያ ቆላ ከዚያ ዛፍ በቀር ጥላ የለም።

«ጌታዬ» አለች አህያ፣ «ጥላው ከሄደ ልጄ የቀትሩን ፀሐይ አይችለውም።»

«እኔስ ባዶ ሆዴን እችለዋለሁ?»

ጅብ ምሳሩን ድንጋይ ላይ ይስል ጀመር። ሽርክ፣ ሽርክ ያደርገዋል። «እመት አህያ፣ ልጅሽን ፈቀቅ አድርጊልኝ» አለ። «ዛፉ ቢወድቅበት ሥጋው ይጨፈለቅና ያሳዝነኛል።»

ቀበሮ ይህን ሁሉ ከጉድጓዷ አፍ ላይ ሆና ትሰማለች። ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ተመልሳ ትገባለች። የምሳሩ ድምፅ ግን ጉድጓዷ ውስጥም ተከተላት። በመጨረሻ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ ወደ መሃል መጣች።

«ያለ እንጨት ማብሰል ይቻላል» አለች በማይሰማ ድምፅ።

«ምን አልሽ?»

«በፀሐይ። እኔ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የማበስለው በፀሐይ ነው።»

ጅብ መሳሉን አቆመ። አህያ ጆሮዎቿን አቀናች።

«ለዚህ ነው ለካ ጭስ ጭስ የማትሸቺው» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ጀርባዬ እስኪላጥ እንጨት ስሸከም፣ አንቺ እዚያ ጉድጓድሽ ውስጥ ተደብቀሽ ትኩስ ትበዪ ነበር።»

ቀበሮ ግልገል ሳለች ከአንድ ትምህርት ቤት መስኮት ሥር እየተኛች፣ አስተማሪዋ የምትለውን እያዳመጠች ነው ያደገችው። ስለ ብርሃንና ስለ ሙቀት የሰማችውን አልረሳችም። ግቢው ውስጥ ከተጣለ ዕቃም ምድጃ ሠርታለች። ዓይነ አፋርነቷን ግን ትምህርቱ አላስለቀቃትም።

«ልነግራችሁ ሞክሬ ነበር» አለች። «መጀመሪያ የሠራሁ ቀን አያ ጅቦን ምሳ ጠራሁት። ሰማዩ ደመና ሆነና ባቄላው ጥሬውን ቀረ። እሱም ‹ፀሐይ የምትቀቅለዋ ቀበሮ› እያለ አገሩን አሳቀብኝ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ዛፍ በወደቀ ቁጥር ነገ እናገራለሁ እላለሁ፤ ሲነጋ ያው አፍራለሁ።»

«እውነቷን ነው» አለ ጅብ። «ባቄላው ጥርሴን ሊሰብረው ነበር።»

አንበሳው ጅራቱን መሬት ላይ እያማታ አሰበ። «ፀሐይ እስክትጠልቅ ታገሥኩሽ» አለ። «ሥጋው በድዴ ከተበላልኝ ዛፉ ይቆማል። ካልተበላልኝ ይቆረጣል።»

ቀበሮ መጀመሪያ ያወጣችው ሳጥን ነው። ሳጥኑ በሌላ ሰፋ ያለ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ በሁለቱ መካከል ጭድ ታጭቋል፤ አፉ ላይ የመስኮት መስታወት ተከድኗል። በጥላሸት የጠቆረውን ድስት ከነሥጋው አስገባችና መስታወቱን ገጠመችው።

«እሳቱ የታለ?» አለች አህያ።

«ብርሃኑ በመስታወቱ ያልፋል። ጥቁሩ ድስት ይውጠውና ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሙቀቱ በላይ ልውጣ ሲል መስታወቱ ይይዘዋል፤ በጎን ልውጣ ሲል ጭዱ ይይዘዋል። ሥራው ዝግ ያለ ነው፤ ግን አያሳርርም፤ ማማሰልም አይፈልግም። እንዳይከፈት ብቻ ነው።»

«ጅብ ይጠብቀው» አለ አንበሳው።

ጅብ ከሳጥኑ አጠገብ ተቀመጠ። የሌሊት አውሬ ነውና የቀን ብርሃን ዓይኑን ያጭበረብረዋል። በግራ ተኛ፣ በቀኝ ተኛ፣ ተነሣ። አንበሳው ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። አህያ አንዴ ግራሩን፣ አንዴ ፀሐይዋን ታያለች። ቀትር ሲሆን ቀበሮ መስታወቱን አነሣች፤ ሥጋው ደሙን እንኳ አልጨረሰም።

አህያ ወደ መስታወቱ አጎነበሰች። «በውስጥ በኩል የአፍንጫ ምልክት አለ» አለች። «ይሄ የማን አፍንጫ ነው?»

ሁሉም ወደ ጅብ ዞሩ።

«አንዴ ብቻ ነው የከፈትኩት» አለ ጅብ። «በስሎ እንደሆነ ላሸት ብዬ። ከዚያ በደንብ መክደኔን ለማየት ከፈትኩ። ከዚያ ሽታው እንደ በፊቱ መሆኑን ለማወቅ... ታዲያ ሳይከፈት እንዴት ይታወቃል?»

«በከፈትክ ቁጥር ያጠራቀምነው ሙቀት በረረ» አለች ቀበሮ።

ሮጣ ሁለተኛውን አመጣች። ብልጭልጭ ወረቀት የተለጠፈበት፣ እንደ መጽሐፍ የሚዘረጋ ካርቶን ነው። ከሥጋው ጥቂቱን የጨመረችበትን ትንሽ ጥቁር ድስት ውስጡን በሚያሳይ ፌስታል ጠቅልላ መሃሉ ላይ አኖረች። የካርቶኑ ክንፎች ብርሃኑን ከየአቅጣጫው እየመለሱ በድስቱ ላይ አፈሰሱት። «ቀላል ነው፤ ታጥፎ በአፍ ይያዛል» ማለት ስትጀምር የቆላው ነፋስ መጣ። ካርቶኑ ተነሣ፣ ተገለበጠ፣ ድስቱን ደፍቶ ሄደ።

«ምሳችን ወደ ጎረቤት አገር ሄደ» አለ ጅብ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ያው የጥንቱ ሳቅ ነው። ቀበሮ ጆሮዋን ጥላ ወደ ጉድጓዷ ስትሮጥ አህያ መንገዱ ላይ ቆመችባት።

«ዛሬ አትገቢም» አለች አህያ። «ያን ጊዜ አፍረሽ ስትገቢ ጫካው አለቀ። አሁን ብትገቢ ልጄ ነው የሚያልቀው። ሌላ አለሽ የለሽም?»

«አለኝ። ግን ኃይለኛ ነው፤ እኔም እፈራዋለሁ።»

ሦስተኛው ትልቅ ጎድጓዳ ሰሃን ነው፤ ውስጡ በመስታወት ስብርባሪ ተለብጧል። የወደቀበትን ብርሃን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ ይጥለዋል። ቀበሮ የቀረው ሥጋ ያለበትን የመጀመሪያውን ድስት በሦስት ብረቶች አንጠልጥላ እዚያ ቦታ ላይ አቆመችው። ብዙም ሳይቆይ ውኃው ተንተከተከ።

«ብርሃኑ የተሰበሰበበት ቦታ ላይ ማንም ፊቱን እንዳያገባ» አለች። «ሰሃኑን አተኩራችሁም አትዩ።»

ይህን ስትል ጅብ አፍንጫውን አስገብቶ ነበር። ጢሙ ጭስ አወጣ። ወደ ኋላ ዘሎ አፈር ላይ ተንከባለለ። «ፀሐይ ነከሰችኝ» አለ። ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

አሁን ሌላ ችግር መጣ። ፀሐይዋ ፈቀቅ ባለች ቁጥር ብርሃኑ ከድስቱ ላይ ይንሸራተታል፤ ሰሃኑ ደግሞ ለቀበሮ ከባድ ነው። ሥጋውም ቢፈላ እንኳ በድድ የሚበላው ቀስ ብሎ ሲለሰልስ ነው። ቀበሮ ጅብን ተመለከተች።

«አያ ጅቦ፣ አንተ አንድ ቦታ መቀመጥ አትችልም አይደል?»

«ተቀምጬ አላውቅም።»

«እንግዲያው ሰሃኑን አንተ አዙር። ጥላህ በዞረ ቁጥር ሰሃኑም ይዙር። ቅልጥሙ ያንተ ነው።»

ጅብ ቅልጥም ሲባል ጢሙን ረሳ። ይገፋል፣ ያያል፣ ይገፋል። ሰሃኑ ሲያዘነብልበት የሚደግፍበት ፈልጎ አጣና ምሳሩን አምጥቶ ከሥሩ ሸጎጠ። ድስቱ ሳይቋረጥ ፈላ። ከዚያ ቀበሮ ድስቱን ከነትኩሱ ወደ ሳጥኑ አዛወረችውና መስታወቱን ከደነች።

«ይሄን እኔ እጠብቃለሁ» አለች አህያ። በሳጥኑ አጠገብ ቆመች፤ ቆማ መዋል የለመደችው ነው።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የአንበሳው ትዕግሥት አለቀ። «እስኪ ልየው» ብሎ መዳፉን ዘረጋ።

«አይከፈትም፣ ጌታዬ።»

«እኔን ነው?»

«እርስዎንም ቢሆን።»

አንበሳው ድዱን አሳይቶ አገሣ። አህያ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ከኋላዋ፣ ከግራሩ ጥላ ሥር፣ የውርንጭላዋ ድምፅ ይሰማታል። አንበሳው አጉረምርሞ ተመለሰና መዞሩን ቀጠለ።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ሳጥኑ ተከፈተ። እንፋሎቱ ወጣ። አንበሳው ሥጋውን ጎረሰ፣ በድዱ ጫን አደረገው። ሥጋው ፈረሰ። እንደገና ጎረሰ። ድስቱን ልሶ ሲጨርስ ቀና አለ።

«ምሳሩ የታለ?»

አህያ ወደ ልጇ ሮጠች።

«ከሰሃኑ ሥር ነው፣ ጌታዬ» አለ ጅብ፣ ቅልጥሙን ከአፉ ሳያወጣ። «ከነቀልኩት የነገው ምሳ ይደፋል።»

አንበሳው ምሳሩን አየ፣ ግራሩን አየ። «እንግዲያው እዚያው ይቆይ» አለና ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኛ።

«ደመና ሲሆን ከግራሩ የረገፈ ደረቅ ቅርንጫፍ እንለቅማለን» አለች ቀበሮ ለአህያ፤ አሁንም መሬት መሬት እያየች። «እኔ እሸከማለሁ።»

«ሸክሙስ ይቆይ» አለች አህያ። «ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ነገ ሳጥኑ እንዴት እንደሚሠራ ታሳዪኛለሽ። ሁሉም በተሰበሰበበት፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ።»

ከዚህ የምንማረው፣ የምናውቀውን በእፍረት ደብቀን ስንቀመጥ የሚቆረጠው የሌላው ጥላ መሆኑን ነው።