ወረቀት ማያ

ከሰንበሌጥ ከተማ በስተምሥራቅ፣ የላይኛውና የታችኛው ሰፈር በሚገናኙበት የወንዝ ዳር፣ ወረቀት ማያ የሚባል ሰፊ ጠፍጣፋ ዐለት አለ። በዚያች ከተማ የሠርግ ጥሪም ሆነ የዕድር ደንብ የሚያሳትም ሰው ወረቀቱን ማተሚያ ቤት ውስጥ ሆኖ አይመርጥም፤ አታሚው ናሙናዎቹን ይይዝና ደንበኛውን ወደዚህ ዐለት ያወጣዋል። ከሌላ አገር የመጣ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ምርጫውን ቀይሮ ይመለሳል።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ስሙ የወጣው በአንድ የድርቅ ዘመን ነው። ወንዙ ቀጥኖ ሁለቱ ሰፈሮች በውኃ ተጣልተው፣ ከየወገኑ ሰው ሞቶ ነበር። ከብዙ ሽምግልና በኋላ አንድ ቃል ተገኘ፦ «የላይኛው ሰፈር ቀድሞ ይጠጣ፤ የታችኛው ሰፈር ቀድሞ ያጠጣ።» ይህም ማለት ለመጠጥ የላይኞቹ ይቀድማሉ፣ ለመስኖ የታችኞቹ። ቃሉ ታትሞ ለየቤቱ እንዲታደል፣ ሕዝቡም በዐለቱ ላይ ተሰብስቦ ሲነበብ ሰምቶ እንዲምል ተወሰነ።

የከተማዋ አታሚ ይርዳው የሚባል የላይኛው ሰፈር ተወላጅ ነበር። ከላይኛው ሰፈር ግራዝማች ወንዳለ፣ ከታችኛው ባሻ ክንዴ ወረቀት ሊመርጡ ወደ እርሱ መጡ። ማተሚያ ቤቱ ባለ አንዲት ትንሽ መስኮት ጨለምለም ያለ ክፍል ነበር ይባላል። ይርዳው ቃሉን ለሙከራ ያተመባቸውን ሁለት ናሙናዎች፣ አንድ ሻካራና ደብዛዛ፣ አንድ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ወረቀት አቀረበላቸው።

«ይኼ የስኳር መጠቅለያ አይደለም እንዴ?» አሉ ግራዝማች ሻካራውን ገፋ አድርገው።

«ፊደል በደንብ ይይዛል፣ ግራዝማች።»

«ስኳርም ይይዛል።»

እስከዚያች ቀን ግራዝማች ያሉትን ሁሉ ሲቃወሙ የኖሩት ባሻ ክንዴ የሚያብረቀርቀውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «በዚህስ አንጣላም። ለዕርቅ የሚያምረው ይሁን።»

ይርዳው ሊናገር ፈልጎ እንደነበር ይነገራል። ነገር ግን ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙበትን ነገር ማፍረስ ከብዶት በሚያብረቀርቀው አተመ።

በመሐላው ቀን ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። እንዲያነብ የተመረጠው ከሁለቱም ሰፈር ያልሆነ ፈንታው የሚባል ዲያቆን ሲሆን፣ ወረቀቱን ገና ሲዘረጋው እንደ መስተዋት ዐይኑን ወጋው። ወደ ግራ አዘነበለው፣ ወደ ቀኝ አዘነበለው፣ ከዚያም ዐይኑን አጥብቦ «የላይኛው ሰፈር ቀድሞ ያጠጣ» ብሎ አነበበ።

ይ እና ያ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው፤ በዚያ ቀን ግን ያቺ ጭረት የአንድን ሰፈር እርሻ በሙሉ ለሌላው ሰጠች። የታችኛው ሰፈር ሰው ብድግ አለ።

«አታሚው የማን ልጅ እንደሆነ ረስተን ነው እንጂ» አለ ከመካከላቸው አንዱ።

ዱላዎች ተነሡ። የላይኞቹም ተነሡ። ይርዳው ወደ ወገኖቹ ይሸሻል ሲባል ወረቀቱን ከዲያቆኑ ተቀብሎ ወደ ባሻ ክንዴ ሄደ፤ ጋቢውን አውልቆ እርሳቸውንም ወረቀቱንም አንድ ላይ ሸፈነና «ባሻ፣ እርስዎ ያንብቡት» አለ።

ከዚያ ከውስጥ የባሻ ድምፅ ተሰማ፦ «ግራዝማችም ይግቡ። ብቻዬን ባነብ ነገ ዋሸ ትሉኛላችሁ።»

ከአንድ መሶብ መቁረስ ከተዉ ዓመታት ያለፏቸው ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ጋቢ ሥር ራስ ለራስ ገጠሙ። ሕዝቡ ጆሮውን አቀና።

«ይ ነው» አሉ ግራዝማች።

«አዎ፣ ይ ነው። አሁን እግሬን ይልቀቁልኝ።»

መጀመሪያ የሳቀው ከየትኛው ወገን እንደነበረ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በጋቢው ላይ ግን ተራኪዎቹ ሁሉ ይስማማሉ።

አንዳንዶች መሐላው በዚያው ሰዓት ተፈጸመ ይላሉ። የሚበዙት ግን ይርዳው እንዳይምሉ ከለከለ ነው የሚሉት። «ዛሬ በጋቢ ያነበባችሁትን ነገ በየማሳው ያለ ጋቢ የሚያነብ አለ። እንደገና አትመዋለሁ፤ ወረቀቱን ግን የሚነበብበት ቦታ ቆማችሁ ምረጡልኝ» አላቸው። ሰው ልኮ ናሙናዎቹን አስመጣና ፀሐይ ላይ ዘረጋቸው። ግራዝማች ሻካራውን አንሥተው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ መጨረሻው አነበቡና ለባሻ ሰጧቸው። ባሻም አንብበው ለይርዳው መለሱለት። «በል፣ በስኳሩ ወረቀት አትምልን» አሉት።

እንደዚያው ታተመ፤ ሁለቱ ሰፈሮችም በዐለቱ ላይ ቆመው ማሉ። ዐለቱም ከዚያ ወዲህ ወረቀት ማያ ተባለ።

ያ ወረቀት ዛሬ በጥቂት ቤቶች ግድግዳ ላይ ብቻ ቀርቷል፤ እርሱም ጠርዙን ምስጥ በልቶታል። በበጋ ወንዙ ሲሳሳ ከዐለቱ ሥር የላይኛው ሰፈር ሰዎች ቀድመው በጀሪካን ይቀዳሉ፤ እነርሱ ሲነሡ የታችኛው ሰፈር ሰዎች ቦያቸውን ይከፍታሉ። ማን እንደሚቀድም ለማወቅ ወረቀት የሚያወጣ የለም።